ጣሳው ውስጥ የቀረው አርማ

ኤልዳ ክሮም ወሬውን የሰማችው ወጥ ቤቷ ተቀምጣ ለማርማላታ የሚሆን ኮክ እየፈለቀቀች ሳለ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የስንዴው አጨዳ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን። መስኮቱ ላይ ያለችው ራዲዮ የባሏ የሚልተን ናት። ሚልተን በመጋቢት ከሞተ ወዲህ ጣቢያዋን የቀየረ ሰው የለም፤ ጠዋት የእህል ዋጋ ታወራለች፣ ከሰዓት በኋላ የኳስ ወሬ። ያን ቀን ዜና አንባቢው የስንዴን ዋጋ በተናገረበት በዚያው ድምፅ፣ ከምዕራብ ሊግ ስምንት ትምህርት ቤቶች ስድስቱ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ታላቁ ሊግ ሊገቡ መፈራረማቸውን ተናገረ። የስድስቱንም ስም አንድ በአንድ ጠራ። መጀመሪያ የተጠራው የወደቡ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዌልተን አልተጠራም።

ኤልዳ ቢላዋዋን እንደያዘች ወደ ጠረጴዛው ራስጌ ዞረች። «ሰማህ?» ልትል ነበር። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ፎጣ ብቻ አለ። ተመልሳ አንድ ኮክ አነሣች፣ ለሁለት ከፈለችው፣ ፍሬውን አውጥታ ጣለች።

መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። ስለ እህቷ ስለ ሮኔታ ነበር። «ይኸው፣ ይህም ደረሳት» አለች በልቧ፤ ያለችውንም ወዲያው አልወደደችውም።

ኤልዳ የዌልተን ኮሌጅ ማሊያ ሰፊ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ክፍል ሠርታለች። ክፍሉ በስታዲየሙ የምሥራቅ መቀመጫዎች ሥር ነው፤ መስኮት የለውም። ሕዝቡ ከላይ ሲረግጥ ከጣሪያው አቧራ ይወርዳል። ኤልዳ ጨዋታውን የምታየው በዚህ ነው፦ አቧራው ከበዛ ዌልተን አግብቷል፣ ጸጥ ካለ እንግዳው ቡድን አግብቷል። ሚልተን «አንቺ እኮ ጨዋታውን በስፌት መኪናሽ ክዳን ላይ ነው የምታዪው» ይላት ነበር። እሱ ራሱ በነጻ የምታመጣለትን ትኬት ኪሱ ከትቶ፣ ከስታዲየሙ ውጭ የጭነት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በራዲዮ ነበር የሚሰማው። ሰው ሲበዛ አይወድም።

የሞላላው ኳስ ጨዋታ ሰው ሰውን ጨብጦ የሚጥልበት ነው፤ ማሊያ ይቀደዳል። የኤልዳ ሥራ የተቀደደውን መስፋት፣ የተጫዋቹን ስም ጀርባው ላይ ማኖር፣ የሊጉንም አርማ በቀኝ ደረቱ በኩል መለጠፍ ነው። አርማው የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ጨርቅ ነው፤ ተራራ አለበት፣ ከተራራው ፊት አንድ ጥድ። ማሊያው ሲያረጅ ኤልዳ አርማውን ተርትራ ታወጣና ሚልተን ጨርሶ በጣለው የቡና ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጥሩ አርማ ሦስት ማሊያ ይቀብራል ትላለች። ጣሳው ሁልጊዜ ከመኪናዋ በስተቀኝ ነው፤ እጇ ሳታይ ይደርስበታል።

አንድ ልማድም ነበረ። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ቡድን የስፌት መኪና ጭኖ አይመጣም። የእንግዳው ማሊያ ከተቀደደ የሚሰፋው የባለሜዳው ሰፊ ነው። ሜዳ ላይ ልጆቹ ሊገዳደሉ ይደርሳሉ፤ ከሥር ደግሞ የአንዱን ልብስ የሌላው ሰው ይሰፋል። ይህን ያወጣ ሕግ የለም፣ ያፈረሰውም ሰው አልነበረም። ዌልተንና ወደቡ ሲገናኙማ ነገሩ የቤተ ዘመድ ነበር፤ የወደቡ ሰፊ ሮኔታ ናትና። አንድ ዓመት ኤልዳ ተራራውን ተሻግራ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ሮኔታ ትመጣለች። ባለሜዳዋ ስትሰፋ እንግዳዋ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ክር እያቀበለች የዓመቱን ወሬ ታወራለች።

የወደቡን የሰፊነት ወንበር መጀመሪያ የተጠየቀችው ኤልዳ ነበረች። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲው ሰው ከወደቡ ድረስ በመኪና መጥቶ፣ የሠራችውን ገልብጦ አይቶ፣ «ነገ ብትመጪልን ደስ ይለናል» ብሏታል። ለሚልተን ስትነግረው ቦት ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«እኔ ስንዴ እንጂ ባሕር አላርስም» አላት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ከፈለግሽ ግን እንሂድ» ሲል ጨመረ።

ከፈለግሽ ግን ያለው ሊሄድ ፈልጎ እንዳልሆነ ታውቃለች። ለሰውየው እምቢ አለችና የታናሽ እህቷን ስም ሰጠችው። ሮኔታን ስፌት ያስተማረቻት እሷ ናት፤ በእናታቸው የእግር መኪና፣ ከዱቄት ከረጢት ትራስ እያሰፋች። «ሞክሪው፤ ሲሰለችሽ ትመለሻለሽ» አለቻት። ሮኔታ አልሰለቻትም።

ኤልዳ ያኔም ትቀና ነበር፤ ግን ቅናቱ ጥርስ አልነበረውም። ወደቡ ትልቅ ከተማ ቢሆንም፣ ስታዲየሙ የዌልተንን ሁለት እጥፍ ቢይዝም፣ ሁለቱም ማሊያ ላይ ያው ጥድ ነበረ። ያው አርማ፣ ያው የክር ቁጥር።

ማርማላታው እሳት ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

«እታለም፣ ሰማሽ?» አለች ሮኔታ።

«ሰማሁ።»

«ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ልነግርሽ ነበር። እኛም በቴሌቪዥን ነው የሰማነው፤ ማዪ ብትዪኝ እምላለሁ።»

«ማን ምን አለሽ?»

«ድምፅሽ ልክ አይደለማ።»

«ኮክ እያማሰልኩ ነው። ያርርብኛል።»

«እናንተስ ምን ልትሆኑ ነው?»

«እኛማ ምን እንሆናለን፤ እዚሁ ነን። የሄዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሮኔታ ሳቀች። «አሁን እኔ ነኝ የሄድኩት? እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።»

«መቀመጫሽ ነዋ የተነሣው።»

ከሮኔታ ኋላ የባሏ የቨርነን ድምፅ ተሰማ፤ ጨው የት እንዳለ ይጠይቃል። «ባለበት ነዋ፣ አንተ ሰው፣ ከዓይንህ ሥር!» አለችው ሮኔታ። ኤልዳ ማማሰያዋን ይዛ አዳመጠች። ስልኩን ከዘጋች በኋላም በጆሮዋ የቀረው የሊጉ ወሬ አልነበረም፤ የጨው ነገር ነበር።

ሰኞ የዕቃ ክፍሉን ኃላፊ ዱዌይን ፊችን በሯ ላይ ተደግፎ አገኘችው። ዱዌይን ሆዳም፣ ቀልደኛ፣ ቀልዱ ሲያልቅበት የሚያሳዝን ሰው ነው።

«ጥፋታችን ምን እንደሆነ ደረስኩበት» አላት። «ታላቁ ሊግ የሚቆጥረው ኳስ የሚችለውን አይደለም፤ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤት ነው። ስንዴ ደግሞ ቴሌቪዥን አያይም።»

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹን ቀድመን ፊቱ ብናስቀምጣቸው ይቆጠሩልን ነበር። አላሰብንበትም።»

«አርማውን ልፍታ ወይስ ይቆይ?»

«ለምን ትፈቺዋለሽ? ስሙም አርማውም ለቀረነው ለሁለታችን፣ ለእኛና ለሜድራ ትምህርት ቤት ተርፏል። ስምንት ሰው የሚበላበትን ጠረጴዛ ለሁለት ጥለውልን ሄዱ።» ሆዱን ዳሰሰ። «ይሂዱ። የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን እንዳይጥሉ እንጂ።»

«ቢጥሉም አንሥቶ የሚያቀብላቸው አያጡም» አለች ኤልዳ።

የሚቀጥለው ዓመት እንደተፈራው ሆነ። በአውሮፕላን ይሄድ የነበረው ቡድን በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ። የኤልዳ ረዳት ጡረታ ስትወጣ ሰው አልተተካላትም። ክረምት ላይ ከመቀመጫዎቹ ሥር ያሉት ክፍሎች ማሞቂያ ተዘጋ፤ ኤልዳ የሚልተንን የሱፍ ሹራብ ደርባ ትሰፋ ነበር። እጅጌው ረጅም ስለሆነ ሁለት ጊዜ አጠፈችው። አሳጥራ ልትሰፋው ትችል ነበር፤ አልቆረጠችውም።

እሑድ እሑድ ሮኔታ ትደውላለች። ይህ አልቀረም። ሚልተን ከሞተ ወዲህ በዓለም ላይ ለኤልዳ የቀረች ዘመድ ሮኔታ ብቻ ናት፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ አያነሡትም። ግን ሮኔታ ስለ ሥራዋ በጀመረች ቁጥር ኤልዳ በር የተንኳኳ ይመስል ታቋርጣት ጀመር።

በሰኔ ሮኔታ ፎቶ ላከች። አዲሱ የስፌት ክፍል ነው። አራት መኪና ተደርድሯል፤ አንዱ ስም ጽፈው ከሰጡት ራሱ ይጠልፋል። ሦስት ሠራተኞች ቆመው ይሥቃሉ። በሩ ላይ የሮኔታ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ «የስፌት ክፍል ኃላፊ» ይላል። ከኋላቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ውስጥ መርከብ ይታያል።

ኤልዳ መኪኖቹን ቆጠረች። ቆየት ብላ ደግሞ ቆጠረች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ፎቶውን ዓይኗ ድረስ አቀረበችና ወንበሩን አየች። ጀርባው ከፍ ያለ፣ እጀታ ያለው፣ ጥቁር ወንበር ነው። ያ ወንበር የእሷ ነበር። ለሚልተን ብላ ተወችው፤ ሚልተን ሳለም አንድ ቀን አልቆጫትም። አሁን ሚልተን የለም፣ ወንበሩም የለም። ከሁለት አንዱን መርጣ ሁለቱንም አጣች፤ ሮኔታ ግን ምንም ሳትመርጥ ሁለቱንም አገኘች።

እንዲህ ብላ መለሰችላት፦ «ደስ ይላል። መስኮቱን ማን ያጥበዋል?»

የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በመስከረም፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ውሉ ሊጉ ሳይፈርስ የተፈረመ ስለነበረ ወደቡ ዌልተን መምጣት ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የለም። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የተጫወቱ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ ደህና ሁኑ እንኳ የሚባባሉበት ሥርዓት አልተዘጋጀም።

ኤልዳ ጠዋት ጎመንና ሥጋ የተሞላ ዳቦ ጋገረች፤ የእናታቸው ነው፣ ሮኔታ ከልጅነቷ ትወደዋለች። አሥራ ሁለት አድርጋ በፎጣ ሸፍና ወሰደች። የተገለበጠውንም ሣጥን ጠረገችው።

ሮኔታ የመጣችው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ የታላቁ ሊግ አርማ አለ፣ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ኮከብ። ጆሮዋ ላይ የንግግር መሣሪያ ተሰክቷል። ኤልዳን አቅፋ ስታበቃ ሹራቡን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«የሚልተን ነው?»

«ብርድ ነው እዚህ።»

«እታለም፣ እኔ ጋ ነይ ያልኩሽን አስቢበት። እኔ ክፍል ሞቃት ነው።»

«አንቺ ክፍል መጥቼ ምን ልሁን? ለአንቺ ክር ላቀብል?»

«ምን አለበት? እኔ ሃያ ዓመት አቀብዬሽ የለ።»

እንደ ዋዛ ነበር ያለችው። ኤልዳ ፎጣውን ከዳቦው ላይ አነሣች። «ቁጭ በይ፤ ሳይበርድ ብዪ።»

ሮኔታ አንድ ዳቦ አንሥታ ግማሹን ቆማ በላች። ጆሮዋ ላይ የሆነ ሰው ሲናገራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። «ዛሬ መቀመጥ አልችልም። ከሜዳው ጠርዝ ከተለየሁ ይጠሩኛል፤ ኃላፊ መሆን እንዲህ ነው።»

«ይጥሩሽ።»

«ግማሹን ጠቅልይልኝ፤ ለቨርነን እወስድለታለሁ።» ከኪሷ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መለዋወጫ አርማ ነው፤ ከተቀደደ ይኸው። እነዚህ የሊጉ ሰዎች ስለ አርማ ቀልድ አያውቁም፣ እሺ? ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋ ጠምሞ ተሰፍቶ ደብዳቤ ነው የጻፉልኝ።»

«አርማ መስፋት አሁን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አንቺን?» ሮኔታ ሳቀችና ጉንጯን ሳመቻት። ስትወጣ የካፖርቷ ጫፍ ሣጥኑን ነካው።

ጨዋታው ተጀመረ። አቧራው አንዴ ወረደ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልወረደም። ኤልዳ የዌልተንን ሁለት ማሊያ ሰፋች፤ አንደኛው አርማው ስለተጎዳ ከጣሳው ሌላ አውጥታ ለጠፈችለት። ጣሳውን አልከደነችውም። የተገለበጠው ሣጥን ባዶውን ነበር። ሮኔታ ዌልተን መጥታ ሳትቀመጥበት ስትቀር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውም ይኸው መሆኑ ነው።

እረፍት እንደሆነ ከሮኔታ ሠራተኞች አንዷ እየሮጠች ገባች። የወደቡን የሰባ አራት ቁጥር ማሊያ ይዛለች። ለቁጥሩ መለዋወጫ ማሊያ ነበረው፤ እሱም ቀድሞ ተቀዷል። ይኸኛው ከደረቱ እስከ ብብቱ ተተርትሯል፣ ኮከቡ ያለበት አርማም ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ኃላፊዋ በስምንት ደቂቃ ይድረስልኝ ብላለች» አለች ልጅቷ። «እዚያ ሰው ስለሚፈልጉ ልመለስ፤ ስመጣ እወስደዋለሁ።»

«ኃላፊዋ ብላለቻ» አለች ኤልዳ ለራሷ።

ከፖስታው አዲሱን ኮከብ አውጥታ በግራዋ አስቀመጠች። የተሰነጠቀውን ተርትራ ጣለች። ቅዳጁን ከውስጥ በጨርቅ ደግፋ ሰፋችው፤ ጥሩ አድርጋ ሰፋችው፣ የጠላት ልብስ ነው ብላ አላቀለለችውም። በዚህ መካከል ሮኔታን እያሰበች ነበር። ሃያ ዓመት አቀብዬሽ የለ ያለችውን። ካፖርቱን። መርከቡን። ጨው የት ነው የሚላትን ሰው። ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ሄዶ አርማ አመጣ፣ ደረቱ ላይ አኖረ፤ መኪናዋን አስነሣች።

ሰፊ ስትሰፋ የምታየው ጠርዙን ብቻ ነው። መሐሉን መዳፏ ይሸፍነዋል። ክቡን ግማሽ ድረስ ሄዳ ጨርቁን ልታዞር መዳፏን ስታነሣ ጥዱን አየችው።

እግሯን ከመኪናው አነሣች። ኮከቡ በግራዋ እንደተቀመጠ ነው። በግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ግማሽ ክብ ለመተርተር አንድ ደቂቃ ይበቃታል፤ ሌላውን ለመስፋት ሁለት። ይህን ሒሳብ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታዋለች፤ ያን ቀንም አልጠፋትም።

እግሯን መልሳ አኖረች። የቀረውን ግማሽ ሰፋች። ሲያልቅ እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ማሊያውን በፊት በኩል ወደ ውስጥ አጥፋ ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ሳትገልጠው ሮጠች። ኮከቡን ኤልዳ አንሥታ ጣሳው ውስጥ ከጥዶቹ ሥር አስገባችውና ከደነችው።

ሰባ አራት ቁጥር ኳስ የሚነካ ሰው አይደለም፤ ሥራው መግፋት ነው። በመጨረሻው ሩብ ግን ኳሱ ከአንድ የዌልተን ልጅ እጅ አምልጦ እግሩ ሥር ወደቀ። አነሣው፤ ያ ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ እየተንገዳገደ ሮጦ የግቡን መስመር አለፈ። ካሜራው ደረቱ ላይ ቆመ። ታላቁ ሊግ በከፈለበት ቴሌቪዥን፣ በመላው አገር ፊት፣ ታላቁ ሊግ ያስገባው ሰው የዌልተንን ጥድ ለብሶ ታየ። ኤልዳ ክፍል ውስጥ አቧራ አልወረደም። ቆይቶ ግን፣ ምስሉ በትልቁ ሰሌዳ ሲደገም፣ ሕዝቡ በሙሉ መሬቱን ይረግጥ ጀመር። ዌልተን ተሸንፎ እንዲህ ያለ አቧራ ወርዶ አያውቅም።

ዱዌይን እንባው እስኪወርድ እየሣቀ ገባ። «ሐውልት ነው የማቆምልሽ። መቀስ ይዘሽ።»

«ስሕተት ነው» አለች ኤልዳ።

«እንዴታ፤ ስሕተት ነው።» ጠቀሳት። «እንዲህ ያለ ስሕተት በየዓመቱ ስጪን።»

በሳምንቱ ምስሉ በዌልተን የሱቅ መስኮት ሁሉ ላይ ነበር። ዳቦ ቤት ስትገባ ከሰልፉ ያስቀድሟታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ እጇን ጨብጦ፣ «ሚልተን ይህን ሳያይ» አላት። ለሁሉም የምትመልሰው ያንኑ ነው፦ ስሕተት ነው። ማንም አያምናትም፤ ውሸቷንም እውነቷንም የሚያውቅ የለም። ግማሹ ስሕተት ነበር፤ ግማሹ አይደለም።

ሮኔታ ብቻ አመነቻት። እሑድ ደወለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«እታለም፣ እንዳትደነግጪ። አንቺን አላነሣሁሽም።»

«ምን አልሽ?»

«ፖስታው ውስጥ የድሮውን አርማ የከተትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከድሮ ተርፎ ተቀላቅሎብኛል አልኩ። ትምህርት ቤቱን ሊጉ ቀጥቶታል፤ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት።»

«አንቺንስ ምን አሉሽ?»

«ከኃላፊነት አንሥተውኛል። እጥበት ክፍል ነኝ አሁን። ምን አለበት፣ እዚያም ሙቀት አለ።» ልትሥቅ ሞከረች። «የሚያስጨንቀኝ ያንቺ ዓይን ነው። ጥድና ኮከብ አልለይ ካለሽ ሐኪም ይየው። ሚልተን ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የለሽም፤ ይገባኛል እኮ።»

ኤልዳ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ትንሽ ነበር፤ ግን ነበር። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ሲፋቅ፣ ጥቁሩ ወንበር ባዶ ሲሆን ታያት። ከዚያ ሄደ፤ ከሄደም በኋላ የነበረበት ቦታ ቀረ።

«እህ?» አለች ሮኔታ። «አለሽ?»

«አለሁ።»

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«እሺ» አለች ኤልዳ።

በኅዳር፣ ለምስጋና በዓል፣ ሮኔታና ቨርነን በረዶውን እየፈሩ ተራራውን ተሻግረው መጡ። ቨርነን ከመኪናው ትልቅ ካርቶን አወረደ። ውስጡ አንገቱ የሚታጠፍ የስፌት መብራት አለ፤ ነጭና ደማቅ።

«መስኮት የላትም፣ ዓይኗም ደክሟል ብዬ» አለች ሮኔታ ለቨርነን፣ ለኤልዳ በሚሰማ ድምፅ። «ከእንግዲህ ጨለማ ምክንያት አይሆንሽም።»

ኤልዳ አመሰገነች። ቨርነን ገመዱን ሰክቶ አበራው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፍርፋሪ ሁሉ ታየ። ሮኔታ በሚልተን ወንበር ላይ ያለውን የታጠፈ ፎጣ አንሥታ፣ የት ላድርገው ብላ እህቷን አየቻት፤ መልስ ሳትጠብቅ መልሳ አኖረችውና ሌላ ወንበር ሳበች። ኤልዳ ይህን አየች። ያኔ ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«ምን?» አለች ሮኔታ።

«ጨው አቀብዪኝ» አለች ኤልዳ።

እንግዶቹ በማግሥቱ ሄዱ። መብራቱ አሁን በመቀመጫዎቹ ሥር ካለው ክፍል ነው፤ ኤልዳ በእሱ ትሰፋለች፣ ጥሩ ብርሃን አለው። ኮከቡ በጣሳው ውስጥ ከጥዶቹ ሥር ነው። በገና ሰሞን አውጥታ ፖስታ ውስጥ ከታው ነበር፤ የሮኔታን አድራሻ ጽፋ ቴምብር ለጠፈችበት፣ ከአርማው ጋር የምታስገባውን ወረቀት ግን ባዶውን ትታ ተነሣች፤ ኮከቡንም ወደ ጣሳው መለሰችው። ሮኔታ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ኤልዳ እስካሁን አልነገረቻትም።